የተበላሸ ሰሌን ዋጋ
(ሰመራ ላይ ለተሰበሰቡ ለጋሾችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ ለጋሾች፣ የየቲሞች እናቶችና አሳዳጊዎች፤ ይህን ሙቀት ችላችሁ ከአዋሽ ድረስ ስለመጣችሁ አላህ መልካም ምንዳ ይክፈላችሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት አንድ ለጋሽ ባነሱት ጥያቄ ላይ ነው። «ለየቲም ልጅ ቀለብ፣ ደብተርና ልብስ እንገዛለን፤ ለቀለምና ለዘንባባ ቅጠል ግን ስለ ምን እንከፍላለን?» ብለዋል። ጥያቄውን በክፉ አልተረጎምሁትም፤ ሰው ሶደቃው የት እንደሚደርስ ማወቅ መብቱ ነው።

ነገሩ የተነሣው የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት በምትከታተል አንዲት የአዋሽ ልጅ ምክንያት ነው። ስሟን አልጠራም፤ የቲምነት በአደባባይ የሚነገር መታወቂያ አይደለምና። ለትምህርቷ ማሟያ የመረጠችው ሥራ የአገሯን የሰሌን ሥራ ነበር። የአፋር ሴት ቤቷን በእጇ እንደምትሠራ ሁላችን እናውቃለን። እንጨቱን አጉብጣ ታቆማለች፤ ሰሌኑን ታለብሳለች፤ ጉዞ ሲሆን ቤቱ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። ክብደቱ ለግመል፣ ጥላው ለሰው፣ አፈታቱ ለመንገድ ታስቦ የተሠራ ቤት ነው። ዲዛይን የሚባለው ትምህርት ከዚህ የራቀ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ጊዜ ቤቱ ሲፈታ ቆሞ ይመልከት።

ልጅቱ በወረቀት ላይ የነደፈችውን ባለ ማዕዘን ጌጥ ዶም ከሚባለው ዘንባባ ቅጠል ልታወጣው ተነሣች። የመጀመሪያው ሰሌን ተበላሸ። ቅጠሉን ውኃ ውስጥ አሳድራ እንደራሰ ሠራችው። የራሰ ቅጠል ያብጣል፤ በአዋሽ ፀሐይ ሲደርቅ ተኮማተረና በየመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ወጣ። በሁለተኛው ፈርታ ውኃውን አሳነሰች፤ ቅጠሉ ሲታጠፍ ተሰነጠቀባት። በሦስተኛው ደግሞ ቀለሙ ለቀቀና ቀዩ ወደ ነጩ ፈሰሰ። አያቷ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥቂት በጥቂት እያወጡ መሥራትን እስኪያሳዩዋት ድረስ፣ ለሦስት ሰሌን የሚበቃ ቅጠል አልቆ ነበር።

የሥዕል ከሰልም ራሷ ለመሥራት ሞክራለች፤ የሚሸጠው ውድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆ ገብቶ ግጦሻችንን የወረረውን የፕሮሶፒስ ዛፍ ቀንበጥ ልጣ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ጠቅጥቃ፣ ክዳኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አበጅታ እሳት ላይ አኖረችው። ጭሱ ሲያቆም አወጣችውና ሳይበርድ ከፈተችው፤ አየር ሲያገኝ ተቀጣጥሎ ዐመድ ሆነ። በሌላ ቀን እስኪበርድ ጠበቀች። ከሰሉ ተገኘ፤ ነገር ግን እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ከሰሉም ጠንክሮ ወረቀቱን ይቧጭር ጀመር። «ለቡና ማፍያ ይሆናል» አለችኝ እየሳቀች።

እንግዲህ ለጋሹን ያሳሰባቸው ይህ የባከነ ቅጠል ነው። የሒሳብ ተማሪ ሲሳሳት የሚበላሽበት ግማሽ ገጽ ነው፤ የእጅ ሥራ ተማሪ ሲሳሳት ግን የሚበላሸው ዕቃ ነው፣ ዕቃውም በገንዘብ ይገዛል። ያለ እርሱ ትምህርቱ የለም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። እንዲህ ያለውን ትምህርት በደብተርና በእርሳስ ብቻ እንጨርሰው ማለት፣ ልብስ ስፌትን ያለ ጨርቅ አስተምሩ እንደማለት ነው።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ «ሥዕል ሐራም አይደለምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ነፍስ ያለውን ስለ መሣል ዑለማዎች የተናገሩትን በዚህች አጭር ሰዓት አልጨርሰውም። በቅጠል፣ በሐረግ፣ በማዕዘንና በፊደል ግን ሙስሊሞች ለዘመናት የሠሩት ከአንዳሉስ እስከ ሐረር ይታያል። የሐረር ጸሐፊዎችና ጠራዦች ያዘጋጁዋቸው ቁርኣኖች አሉ፤ የሐረሪ ሴቶችም ስፌት በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተደርድሮ እንግዳን ይቀበላል። የዚህችም ልጅ ሥራ ከዚያው ወገን ነው።

የቀረው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በፊቅህ የቲምነት በቡሉግ ያበቃል፤ ስለዚህ ከየቲሞች መዝገብ ትውጣ ያሉ ወንድሞች ትክክል ናቸው። ድህነቷ ግን በቡሉግ አላበቃም። የሒሳብ ሹሙ ስሟን በችግረኛ ተማሪዎች መዝገብ ይጻፈው፤ ገንዘቡም ከዚያ ይውጣ። ለቀረው መንፈቅ የሚያስፈልጋት ቅጠል፣ የማይለቅ ቀለምና የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው፤ ዝርዝሩ ከጸሐፊው ዘንድ አለ። አራተኛው ሰሌን በሩ አጠገብ ተዘርግቷል፤ ከሶላት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት። አንዱ ጠርዙ አሁንም ጠማማ ነው።