ሳያምኑ ማንበብ



ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የደብተራም አገር ነው። ስለ ዐውደ ነገሥት፣ ስለ አስማት መጻሕፍት ያልሰማ ማን አለ? አንዱ ይፈራቸዋል። አንዱ ይስቅባቸዋል። ሁለቱም ግን ገልጠው አያዩም።

እስቲ ደብተራ የጻፈውን የድሮ ክታብ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ብራና ነው። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል። ቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። መሐል ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም አለ። አንዳንዴ ያ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ገብቶበታል። ሕፃናት ይገድላል የሚባለውን ሾተላይ የፈራች እናት ጭንቀት እዚያ አለ።

አስማቱን አላምንም። ጭንቀቱን ግን አምናለሁ። ስለዚህ አነባለሁ፤ እጠይቃለሁ።

ዛሬ የማታምኑበትን ነገር ስትሰሙ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁ። ከመፍራታችሁም በፊት ጠይቁ። የሚጠይቅ ሰው አይታለልም፤ ሰውንም አይንቅም።