«ይለመዳል» ብቻውን አይበቃም



አዲስ ማሽን ወርክሾፕ ገብቶ ማዞሪያው ግራ ሲያጋባን የምንላት ነገር አለች፦ «ግድ የለም፣ ይለመዳል!» እስቲ ዛሬ እንፈትናት።

እ.ኤ.አ. በ1959 ቻፓኒስና ሊንደንባውም የተባሉ ተመራማሪዎች ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ በአራት ዓይነት አቀማመጥ ሠሩ። ሰዎች ለተጠቆመላቸው ምድጃ የሚሆነውን ማዞሪያ ቶሎ እንዲነኩ ተደረገ። በእያንዳንዱ አቀማመጥ 1,200 ሙከራ ነበር። ምድጃዎቹ እንደ ማዞሪያዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ በተደረደሩበት ስቶቭ አንድም ስህተት አልታየም። በሌሎቹ ሦስቱ ግን 76፣ 116 እና 129 ስህተቶች ተቆጠሩ።

«ልምምድ ስላነሳቸው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ፊትስና ሲገር እ.ኤ.አ. በ1953 ይህንኑ አይተውታል። ሰዎቹ ብዙ ቀን ተለማመዱ፤ ሁሉም ፈጠኑ። በጥሩና በመጥፎ አቀማመጥ መካከል ያለው ልዩነት ግን አልጠፋም።

አቀማመጥ ሲለወጥማ የባሰ ነው። የለመደ እጅ በጥድፊያ ሰዓት ወደ ድሮው ቦታ ይሄዳል። ጀማሪው እያየ ይነካል፤ ነባሩ ግን ሳያይ ነው የሚነካው።

ከመካከላችን ለሆስፒታል፣ ለፋብሪካ፣ ለላብራቶሪ ዕቃ የሚመርጡ አሉ። አደራ! ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ዕቃውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ለነባሩም ስጡት። እጃቸው የት እንደሚሳሳት ቁጠሩ። መምህራንም፣ ተማሪው ሲሳሳት «አልተለማመደም» ከማለታችሁ በፊት ማዞሪያውን ተመልከቱልን።