ሆድ የባሰው ልጅ በራችሁን ሲያንኳኳ

የተመራቂ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂ አሰልጣኞች፤

ስለ ልምምድ መምህሮቻችሁ በሚገባ አስተምረዋችኋል። እኔ የማነሳው አንዳችሁም የማታመልጡትን ጉዳይ ነው። ከገጠር መጥቶ ክለብ የገባ የ16 ዓመት ልጅ አንድ ማታ ሻንጣውን ይዞ በራችሁን ያንኳኳል። «አሰልጣኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ይላችኋል። ያን ጊዜ ምን ትሉታላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1959 ቢሊ ዊልያምስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት፣ በቺካጎ ካብስ ሥር ለነበረው የቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ቡድን ቤዝቦል ይጫወት ነበር። ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ነው። በውድድር ዘመኑ መካከል ሁሉን ትቶ አላባማ ውስጥ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ዊስለር ተመለሰ። አገሩ ናፍቆታል። ግን ናፍቆት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በቴክሳስ ነጭ ጓደኞቹ የሚበሉበት ምግብ ቤት እሱን አያስገባውም፤ እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል አያሳድረውም።

ክለቡ ባክ ኦኒልን ላከበት። ኦኒል በጥቁሮች ሊግ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተጫውቶ ያሰለጠነ፣ ያንኑ መገለል ራሱም የቀመሰ ሰው ነው። ቤት ድረስ ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር ተጫወተ፤ «ተነስ፣ እንሂድ» ብሎ ግን አልተጫነውም። ኋላ ወደ ሰፈሩ ሜዳ ይዞት ወጣ። ልጆቹ ዊልያምስን ሲያዩ ግር ብለው ከበቡት፤ በጥያቄ አጣደፉት። እሱ ጥሎት የመጣውን ሕይወት እነሱ በሕልማቸው ይመኙት ነበር። ኦኒል ምንም መጨመር አላስፈለገውም።

ዊልያምስ ተመለሰ። በዚያው ክረምት ለቺካጎ ዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ በ1961 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከ1963 እስከ 1970 ባለው ጊዜ አንድም ሳያጓድል 1,117 ተከታታይ ጨዋታዎችን ተጫወተ። ያ ትቶ የሄደው ልጅ ማለት ነው!

ይሁንና የምግብ ቤቱን በር ኦኒል ሊከፍትለት አልቻለም። ማበረታታት በደልን አይሽርም፤ ይህን አደራ አትርሱ። እናንተ ግን በካምፓችሁ ውስጥ ሥልጣን አላችሁ። ስለዚህ «አይዞህ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። ይበላል? ቋንቋውን የሚናገር ሰው አጠገቡ ይተኛል? ትልልቆቹ ይሰድቡታል? የኪስ ገንዘቡ ደርሶታል? ልምምድ ካለቀ በኋላ ስልኩን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቀመጠውን ልጅ ልብ በሉት።

ወላጆች፣ ክለብ የገባ ልጅ ካላችሁ እናንተም ድርሻ አላችሁ። እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርጅ ቤስት በ15 ዓመቱ ከቤልፋስት ማንቸስተር ዩናይትድ በገባ ማግስት ናፍቆት አሸንፎት ቤቱ ሲመለስ፣ አሰልጣኙ ማት በዝቢ የደወሉት ለአባቱ ነበር። ልጁም ተመልሶ ዓለም ያወቀው ተጫዋች ሆነ። ልጃችሁ ደውሎ ሲያለቅስ አብራችሁ ከማልቀስ፣ ወይም «አታሳፍረን» ብላችሁ ከመቆጣት፣ መጀመሪያ ስሙት።

አሰልጣኞች፣ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ስልክ መዝግቡ። ችግር ሳይመጣ ደውሉ፤ ድምፃችሁን ይወቁት፤ እናንተም ልጁ ቤቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቁ።