የተዋስነውን ገጸ ባሕርይ በምን እንመዝነው?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያት አዲስ ታሪክ ለሚፈጥሩ፣ «ፋን ፊክሽን» ለሚባለው ዘርፍ ጸሐፊዎች፣ የሚያንጽ ሂስ እንዴት ይሰጣል?

ምሳሌ ላቅርብ። አንዲት ተማሪ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መነሻ አድርጋ ስትጽፍ ጉዱ ካሣን በፊታውራሪ መሸሻ ፊት ዝም አሰኘችው እንበል። «ይህ ጉዱ ካሣ አይደለም» ብንላት በሩን እንዘጋባታለን፤ «ግሩም ነው» ብለን ብናልፍም አልረዳናትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለድ ጉዱ ካሣን የባላባቱን ሥርዓት በግልጽ የሚነቅፍ ሰው አድርጎ ይሥለዋል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይህን አንደበት ምን ዘጋው?» መሆን አለበት። ምክንያቱ በድርሰቷ ውስጥ ካለ ዝምታው አዲስ ንባብ ነው፤ ከሌለ ግን የተዋሰችው ስሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

የዚህ ዘርፍ ሂስ ልዩ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ ሐያሲውና ጸሐፊዋ አብረው የሚገልጡት መጽሐፍ አላቸው። ክርክሩ ከግል ስሜት ወደ ገጹ ይመለሳል። ሆኖም ምንጩ ማመሳከሪያ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ታማኝነት ብቻውን ድርሰትን አያቆምም።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አስቀድማችሁ ጸሐፊው ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚሻ ጠይቁ። ቀጥሎም ዐረፍተ ነገሩን ጠቁሙ እንጂ ሰውየውን አትዳኙ። ይህን የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው ያለ ክፍያ፣ ለመጽሐፉ ባለው ፍቅር ይጽፋል፤ ብዕሩን የሚያስጥለው ሂስ ጸሐፊን ብቻ ሳይሆን ትጉህ አንባቢንም ያሳጣናል።