በፍለጋ ገጽ ላይ የማስታወቂያ አቀማመጥና የሱሉልታ ሆቴሎች
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ የረጅም ርቀት ሯጮች ከልዩ ልዩ አገር ለልምምድ የሚመርጡት ስፍራ ነው። ያያ ቪሌጅና የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ በዚያ የተቋቋሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ከሆቴሉ በር ከመድረሱ አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ በሌላ በር ያልፋል። ይኸውም የጎግል የፍለጋ ገጽ ነው። በዚያ በር ላይ ማን እንደሚቆም ማወቅ ዛሬ ከሆቴል ባለሙያ ሥራ የሚቆጠር ሆኗል።

የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የፍለጋ አገልግሎት ለከፋዩ ማድላቱ እንደማይቀር ጽፈው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው ግን ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስታወቂያው በቀለም መደብ ተለይቶ ይታይ ነበር፤ ከፊሉም በገጹ ቀኝ ዳር ለብቻው ይደረደር ነበር። በ2013 የቀለሙ መደብ እየተነሣ አንዲት ትንሽ ቢጫ ምልክት ብቻ ቀረች። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፍለጋ ድርጅቶች ማስታወቂያን ከመልስ በግልጽ እንዲለዩ በድጋሚ ያሳሰበው በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በ2016 በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የነበረው የቀኝ ዓምድ ተሰርዞ ከመልሱ በላይ እስከ አራት ማስታወቂያ መቀመጥ ጀመረ፤ ቢጫዋም ምልክት አረንጓዴ ሆነች። አረንጓዴ ደግሞ ያን ጊዜ የማናቸውም ውጤት የድረ ገጽ አድራሻ ቀለም ነበር። በ2020 መጀመሪያ ምልክቷ ጥቁር ጽሑፍ ስትሆንና በመደበኛው ውጤት ጎን የየድርጅቱ አርማ ሲታከል፣ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። በ2025 ማስታወቂያዎቹ በአንድ የጋራ ርእስ ሥር ተሰብስበው መሰወሪያ ቁልፍ ተደረገላቸው። ቁልፉ የተቀመጠው ግን ከማስታወቂያዎቹ ግርጌ ነው፤ ሊሰውራቸው የፈለገ ሰው አስቀድሞ በሁሉም ላይ ማለፍ አለበት።

ይህ ሁሉ የቀለምና የአቀማመጥ ነገር ቢመስልም ለሆቴል ሥራ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአንድን ሆቴል ስም ሌላ ነጋዴ ቁልፍ ቃል አድርጎ በጨረታ ሊገዛው ይችላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2010 ጎግል እንዲህ ያለውን ቃል በመሸጡ ብቻ የንግድ ምልክት መብት እንደማይጥስ ወስኗል። ስለዚህ የሱሉልታን ሆቴል በስሙ የፈለገ ሯጭ፣ ከሆቴሉ ገጽ በላይ የኢንተርኔት ደላላ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ በኩል አልጋ ከያዘ ከሂሳቡ ብዙውን ጊዜ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋው ለደላላው ኮሚሽን ይሄዳል፤ እንግዳው ሆቴሉን በስም እያወቀው ማለት ነው።

ለራስ ስም መወዳደርም ቀላል አይደለም። ቡኪንግ ሆልዲንግስ በ2023 ለገበያ ማስፋፊያ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። የኢትዮጵያ ሆቴል ደግሞ ውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከ2024 ሐምሌ ወር በኋላም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የአንዲት ጠቅታ ዋጋ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በባለሆቴሉ እጅ የቀረው ያለ ክፍያ የሚገኘው ስፍራ ነው። በጎግል ካርታ ላይ ድርጅትን ማስመዝገብ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ስልኩ፣ ፎቶግራፉና የሆቴሉ የራሱ ድረ ገጽ በዚያ ሊሰፍር ይችላል። ስሙ በላቲን ፊደል በየቦታው በአንድ አጻጻፍ መጻፍ ይኖርበታል። ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለለች ወዲህ አድራሻቸውን የለወጡ ባለሆቴሎችም «ሱሉልታ» የሚለውን ቃል ከገጻቸው ባያወጡት ይሻላል፤ ሯጩ የሚያውቀውና የሚፈልገው በዚሁ ስም ነውና።