ይሉኝታና የ20 ቀኑ ማስታወቂያ



ስለ ሙያህ ተናገር ስባል፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኮንክሪት የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። የመጣሁት ስለ አንዲት ወረቀት ላወራ ነው። ከአምስት ኪሎ ወጥተን ካሊፎርኒያ ውስጥ በንዑስ ተቋራጭነት የምንሠራ አለን፤ ሥራችን እንከን ሳይኖረው በዚህች ወረቀት ምክንያት ገንዘብ ሊቀርብን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው በሠራበት ቤትና መሬት ላይ መያዣ ማስመዝገብ ይችላል፤ «ሜካኒክስ ሊየን» የሚሉት እሱን ነው። (ከመኪና ሜካኒክ ጋር አይገናኝም!) አሜሪካ ውስጥ ሕጉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1791 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ከተማ ስትቆረቆር ነው። በካሊፎርኒያ መብቱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሰፍሯል። ታዲያ የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ዋናውን ተቋራጭ ነው። ሴራሚክ ያነጠፈውን፣ ሽቦ የዘረጋውን፣ አሸዋ ያቀረበውን ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ሕጉ፣ ከባለቤቱ ጋር ውል ከሌላችሁ አስቀድማችሁ «እኔም አለሁበት» በሉ ይላል።

ሥራው ወይም የዕቃው አቅርቦት በተጀመረ በ20 ቀን ውስጥ፣ ማስታወቂያው ለባለቤቱ፣ ለዋናው ተቋራጭና ለግንባታው ያበደረ ባንክ ካለ ለባንኩም ይሰጣል። በእጅ ወይም በአደራ ደብዳቤ መሆን ይችላል፤ ማስረጃውን ማስቀመጥ ነው። በስልክ መንገር ወይም ሳይት ላይ ተጨባብጦ መተዋወቅ አይበቃም። የቀን ሠራተኛ ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

ቢዘገይስ? ሁሉም አይጠፋም፤ ወደ ኋላ የሚሸፍነው ግን 20 ቀን ብቻ ነው። ማርች 1 የጀመረ ሰው ኤፕሪል 10 ቢልክ፣ ከማርች 21 በፊት የሠራው ከመያዣው ውጭ ነው። በእርግጥ ተቋራጩን በውሉ መክሰስ ይችላል። ተቋራጩ ከከሰረ ግን ምን ይቀበላል?

እኛን የሚይዘን ሕጉ ከባድ ሆኖ አይመስለኝም፤ ይሉኝታ ነው። ሥራውን የሰጠን የአገር ልጅ ሲሆን፣ «ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ብልክ፣ አላመነኝም ብሎ ይቀየመኛል» እንላለን። የጎረቤት አሪዞና ሕግ ይህንኑ የገመተ ይመስላል፦ ይህ ወረቀት መያዣ አይደለም፣ የማንንም ተቋራጭ ታማኝነት አይነካም የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ደግሞም ባለቤቱን ይጠቅመዋል እኮ። ለተቋራጩ ከመክፈሉ በፊት ከእነማን «ተከፍሎኛል» የሚል ፊርማ መቀበል እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነው። ለሁሉም ሥራ፣ ለወዳጅም ለባዳም፣ በመጀመሪያው ቀን ብንልክ ማን ተለይቶ ይቀየማል?

ማስታወቂያው በራሱ መያዣ አለመሆኑን ደግሞ አትርሱ። ሥራው ካለቀ በኋላ መያዣውን ለማስመዝገብ 90 ቀን አለ፤ ባለቤቱ የማጠናቀቂያ ማስታወቂያ ካስመዘገበ ለንዑስ ተቋራጭ ወደ 30 ቀን ይወርዳል። ከተመዘገበ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልተመሠረተ ይፈርሳል። የመንግሥት ሕንፃ ላይ መያዣ አይያዝም፤ እሱ ሌላ መንገድ አለው።

ሜሪላንድ ያላችሁ በእኔ 20 ቀን እንዳትሄዱ። እዚያ ንዑስ ተቋራጭ ለባለቤቱ የሚያሳውቀው ሥራውን ከሠራ በኋላ ባሉት 120 ቀናት ውስጥ ነው። የሌላ ስቴት ጥያቄ ያላችሁ ከእራት በኋላ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙኛላችሁ።