የዲጂታል ቪዲዮ ቅንብር በኮሌጅ ክፍል
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ፊት ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ የሀገራችንን የተንቀሳቃሽ ሥዕል ታሪክ ብዙውን ክፍል በአንድ እይታ ሊያገኘው ይችላል። ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ያወጣለት የጥንቱ ሲኒማ ቤት የነበረው ከታች በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሥራውን ሲጀምር ስቱዲዮው የተቋቋመው እላይ፣ በዚሁ በማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ የቪዲዮ ቀረጻና ቅንብር በልዩ ልዩ ኮሌጆች እንደ አንድ የሙያ ትምህርት ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፊልም ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ታዲያ በእነዚህ ክፍሎች ተማሪው ምን ይማራል? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይህ ነው።

ቴሌቪዥን በሀገራችን በተጀመረበት ዘመን የዜና ካሜራ የሚሠራው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። 100 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል 4,000 ሥዕሎች ይይዛል። በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲሄድ የሚበቃው ለ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ብቻ ነው። በመሆኑም ካሜራ ያዡ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ማሰብ ግድ ይሆንበት ነበር። አቀናባሪውም ፊልሙን በመቁረጫ ቆርጦ በማጣበቂያ ሲቀጥል፣ ያለ አግባብ የጣለውን ቁራጭ ለመመለስ ከወለል ላይ ይለቅመው ነበር። ዛሬ ግን የጥፍር ያህል የሆነች 64 ጊጋባይት ካርድ፣ በሴኮንድ 50 ሜጋቢት ሲቀረጽባት፣ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ትይዛለች። ስሕተትም በአንዲት ቁልፍ ይሻራል።

ይህ ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ አይኖርም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች ለመታየት የበቁት፣ የጥሬ ፊልምና የእጥበት ወጪ በመቅረቱ ነው። ነገር ግን ወጪው ሲቀር፣ ወጪው ያስተምር የነበረው ትምህርትም አብሮ ቀረ። አንድ ተማሪ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን መንገድ በ3 ደቂቃ እንዲያሳይ ቢታዘዝ፣ የ2 ሰዓት ቀረጻ ተሸክሞ ይመለሳል። ያን ሁሉ ለማየት ሌላ 2 ሰዓት፣ ለመምረጥ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። አንድ ኮምፒዩተር ለሦስት ተማሪዎች በሚደርስበት ክፍል ቅንብሩ የሚጀመረው የክፍለ ጊዜው ደወል ሊደወል ሲል ይሆናል። አስተዋይ መምህር ቢሆን የመጀመሪያውን ወር በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ቀረጻ ብቻ ባሠራቸው ነበር። ጭማሪ የለም፤ መሰረዝም የለም። ተማሪዎቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ይሁንና በሁለተኛው ሳምንት ካሜራውን ከመክፈታቸው በፊት መንገዱን በእግራቸው መመልከት ይጀምራሉ።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ለመሐንዲሱ ይበልጥ ይቀርባል። በየክፍሉ የሚሰማው ቅሬታ «ኮምፒዩተሩ አይሄድም» የሚል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። 1,920 በ1,080 ነጥብ ያለው ሥዕል ለእያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት ተመድቦለት በሴኮንድ 25 ጊዜ ቢመዘገብ፣ በሴኮንድ 829 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን 50 ነው፤ ከ16 እጥፍ በላይ ተቀንሷል ማለት ነው። ካሜራው ሙሉ ሥዕል የሚመዘግበው አልፎ አልፎ፣ ብዙውን ጊዜ በየግማሽ ሴኮንዱ ገደማ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት ሥዕሎች ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ።

ምሳሌው እዚያው ቸርችል ጎዳና ላይ አለ። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ረግቶ ቁልቁለቱን ሲቀርጽ ሕንጻዎቹ ባሉበት ናቸው፤ የሚለዋወጡት ታክሲዎቹና እግረኞቹ ናቸው። ስለዚህ ቢቱ ለሚንቀሳቀሰው ይተርፋል። በእጅ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ግን ከሥዕል ወደ ሥዕል ያለው ለውጥ ስለሚበዛ፣ ያው 50 ሜጋቢት ለሁሉ አይዳረስም፤ የግንቡ ድንጋይ ጥራቱን አጥቶ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። መምህሩ «ካሜራውን አርጋ» ሲል የሚሰጠው ምክር የውበት ብቻ ሳይሆን የስሌትም ነው።

ተማሪው ከሙሉዎቹ ሥዕሎች መካከል በሚገኝ አንድ ቦታ ላይ ሲቆርጥም፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ሙሉው ሥዕል ተመልሶ የተፈለገውን በስሌት መሥራት አለበት። ይህም ወደ ኋላና ወደ ፊት በተሄደ ቁጥር ይደጋገማል። መፍትሔው እያንዳንዱ ሥዕል ለብቻው ወደሚቀመጥበት ዓይነት መገልበጥ፣ ወይም አነስተኛ ቅጂ አዘጋጅቶ በእርሱ ካቀናበሩ በኋላ በመጨረሻ ወደ ዋናው መመለስ ነው። ነገሩን በግማሽ ሰዓት ማስረዳት ይቻላል። ያልተነገረው ተማሪ ግን አዲስ ኮምፒዩተር ሲመኝ ይኖራል።

ስለ መብራትም ጥቂት ማለት ይገባል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ በመሆኑ፣ የተለመደው የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይፈካል፤ ይደበዝዛል። ካሜራው ለ1/50 ሴኮንድ ሲከፈት ሁለት ሙሉ ፍካት ይቀበላል። ከውጭ እንደ መጣ በ30 ሥዕልና በ1/60 ሴኮንድ ላይ ከተተወ ግን የሚቀበለው ብርሃን እኩል ስለማይሆን ሥዕሉ ይርገበገባል። (የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።)

ከሁሉ የሚከብደው የማስቀመጥ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ከዚያ በፊት ዶሮ ማነቂያን ለመለማመጃ ያህል የቀረጸ ተማሪ ካለ፣ ሳያውቀው የማይደገም ሰነድ ሠርቷል። በፊልም ዘመን ልምምድም ቢሆን የሚዳሰስ ነገር ይቀር ነበር። የካርድ ልማድ ግን ውጤቱ ከተሰጠ በኋላ ካርዱን ለሚቀጥለው ሥራ ማጽዳት ነው። ያልጸዳውም ቢሆን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ያ ዲስክ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ይወድቃል። እዚያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው የቤቱን ደጃፍ እንደ ገና ሊያይ ቢፈልግ የሚያሳየው ሌላ ነገር ላይገኝ ይችላል።

ወጪውን ማስላት ቀላል ነው። 30 ተማሪዎች ያሉት ክፍል እያንዳንዱ በዓመት አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ሞልቶ ቢያስረክብ፣ ድምሩ 1,920 ጊጋባይት ነው። ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ አንዱ ይበቃዋል። ሦስት ዲስክ ተገዝቶ፣ አንዱ በክፍሉ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ፤ በእያንዳንዱም ቀረጻ ላይ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። በየዓመቱም ዲስኮቹ ተከፍተው ደኅንነታቸው ይመርመር። ሦስተኛውን ዲስክ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ለማኖር የሚፈቅድ የማኅበሩ አባል ቢገኝ፣ ሥራው በዚህ ዓመት ሊጀመር ይችላል።